ሻርክ በአሸዋ ሥር የተደበቀውን ዓሣ እንዴት ያገኘዋል?

ስለ ሻርክ ለልጆች የተዘጋጁ ባለ ሥዕል መጻሕፍትን የገለጠ ሰው አንድ ገጽ ሳያጋጥመው አይቀርም። በዚያ ገጽ ላይ አፉን በሰፊው የከፈተ ሻርክ አለ፤ ጥርሶቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከጎኑ ቀይ የደም ጠብታ ተሥላለች፤ ከሥሯም ሻርክ አንዲት የደም ጠብታን ከኪሎ ሜትሮች ርቀት እንደሚያሸት ተጽፏል። ሥዕሉ የሕፃናትን ቀልብ እንደሚስብ አያጠራጥርም። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ባሕርን ከማየታቸው በፊት ሻርክን ያወቁት ከእንዲህ ያለ ገጽ ነው። ይሁን እንጂ ጥርስ የአደኑ የመጨረሻ ቅጽበት እንጂ አደኑ ራሱ አይደለም። ጥርስ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሻርኩ በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የሚበላውን እንስሳ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህን የሚያደርግበት መንገድ ደግሞ ለሠዓሊ የሚመች አይደለም፤ ዋናው ክፍል በዓይን በማይታይ የኤሌክትሪክ መስክ የሚከናወን ነውና። በዚህ ጽሑፍ አደኑን ከሩቅ ወደ ቅርብ እየተከተልን በፊዚክስ ዓይን ለመመርመር እንሞክራለን።

የደም ጠብታዋ ጉዳይ

በመጀመሪያ የደም ጠብታዋን እንውሰድ። ሽታ ማለት ሞለኪውሎች ከምንጫቸው ተነሥተው አፍንጫ ዘንድ መድረሳቸው ነው። ፍጹም በረጋ ውኃ ውስጥ ሞለኪውሎች የሚጓዙት በዲፊውዥን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከውኃው ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጩ ወዲያና ወዲህ እየተንከራተቱ ነው። ለአነስተኛ ሞለኪውሎች በውኃ ውስጥ የዲፊውዥን ኮፊሸንቱ በሴኮንድ የአንድ ካሬ ሜትር ቢሊዮንኛ ገደማ ነው። ጉዞው የሚወስደው ጊዜ ደግሞ በርቀቱ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ይለካል፤ ርቀቱን ካሬ አድርገን ለኮፊሸንቱ እጥፍ እናካፍላለን። ስሌቱን የሠራ ተማሪ ሞለኪውሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 14 ሰዓት፣ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 16 ዓመት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ደግሞ 16 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሚያስፈልገው ያገኛል።

ስለዚህ ሽታን ወደ ሻርኩ የሚያደርሰው የውኃው ሞገድና ፍሰት ነው። በሴኮንድ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ የባሕር ፍሰት አንድ ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ፍሰቱ ሽታውን ሲያጓጉዝ እግረ መንገዱን ያሳሳዋል። አንዲት የደም ጠብታ 25 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ባለው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ብትበተን በውኃው ውስጥ የሚኖራት ድርሻ ከአሥር ቢሊዮን አንድ ይሆናል። በደም ውስጥ የሚገኘው ነጻ አሚኖ አሲድ በሊትር ጥቂት ሚሊሞል በመሆኑ፣ ከዚህ መሳሳት በኋላ የሚቀረው እ.ኤ.አ. በ2010 በአምስት የሻርክና የሬይ ዝርያዎች ላይ ከተለካው ዝቅተኛ የማሽተት ገደብ በሺዎች እጥፍ ያንሳል። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል፦ የሻርክ አፍንጫ ከሌሎች ዓሦች አፍንጫ የሚበልጥበት ማስረጃ አልተገኘም። በመሆኑም የደም ጠብታዋ ዓረፍተ ነገር በልጆች መጽሐፍ ውስጥም ቢሆን ብትታረም ደግ ነው።

ይህ ማለት ግን ማሽተት ለሻርክ አይጠቅመውም ማለት አይደለም። ከቆሰለ ዓሣ የሚወጣ ሽታ በፍሰቱ ተጠልፎ እንደ ጢስ እየተቆራረጠ ይጓዛል፤ ሻርኩም ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ዞሮ ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳስረዳው ሽታው ከሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ወደ የትኛው ቀድሞ እንደደረሰ ሻርኩ ይለያል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሴኮንድ ጥቂት አሥረኛ ቢሆንም እንኳ ሽታው ቀድሞ ወደ ደረሰበት ጎን ይታጠፋል።

ድምፅ፣ የውኃ ንቅናቄና ዓይን

ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ዶናልድ ኔልሰንና ሳሙኤል ግሩበር የተባሉ ተመራማሪዎች ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውንና የሚቆራረጥ ድምፅ በውኃ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ሲያሰሙ ሻርኮች ወደ ማጉያው እንደሚሳቡ አሳይተዋል። የሚንፈራገጥ ዓሣ የሚያሰማው ድምፅ እንዲህ ያለ ነው። ቀረብ ሲል ደግሞ በሻርኩ ጎንና ጎን ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጋው የስሜት መሥመር የውኃውን ንቅናቄ ይይዛል፤ ይህ መሥመር የሚያገለግለው ከሻርኩ የአካል ርዝመት አንድ ወይም ሁለት እጥፍ በማይበልጥ ርቀት ነው።

የሻርክ ዓይን ደካማ ነው የሚለውም አባባል ትክክል አይደለም። ከሬቲናው ጀርባ እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለ፤ የድመት ዓይን በሌሊት የሚያበራው በዚሁ ዓይነት ሽፋን ነው። በደቡብ አፍሪካ ፎልስ ቤይ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ደሴት ዙሪያ ታላቁ ነጭ ሻርክ ሲል ተብለው የሚጠሩትን የባሕር አጥቢ እንስሳት እንዴት እንደሚያድን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ጥቃቶችን መዝግቧል። የተሳካው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። ከሁሉም የተሻለ የተሳካው ብርሃኑ ገና ደብዛዛ በሆነበት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሻርኩ ከታች ሆኖ ከላይ የሚዋኘውን የእንስሳውን ጥላ ሲያይ፣ እንስሳው ግን ከታች ያለውን ጨለማ ዘልቆ ማየት አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ታላቁ ነጭ ሻርክ ለመንከስ አፉን ሲከፍት ዓይኑ እንዳይጎዳበት ወደ ኋላ ያዞረዋል። ሌሎች ብዙ ዝርያዎችም ዓይናቸውን በተለየ ሽፋን ይጋርዳሉ። በዚያች ወሳኝ ቅጽበት እንግዲህ ሻርኩ ዕውር ነው። ታዲያ የመጨረሻዎቹን ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች የሚመራው ምንድን ነው?

ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1678 ስቴፋኖ ሎረንዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በሻርክ ዘመዶች አፍንጫ ዙሪያ እንደ ነጥብ የሚታዩትን ቀዳዳዎች ከፍቶ መረመረ። እያንዳንዱ ቀዳዳ በዝልግልግ ፈሳሽ ወደተሞላ ቀጭን ቱቦ፣ ቱቦውም ነርቭ ወደሚያገኘው ትንሽ ከረጢት ያመራል። ሎረንዚኒ አካሉን በጥንቃቄ ገለጸው፤ የሚሠራውን ሥራ ግን ሊያውቅ አልቻለም። ሊያውቅም አይችልም ነበር፤ ጋልቫኒና ቮልታ ስለ እንስሳትና ስለ ኤሌክትሪክ የተከራከሩት ከመቶ ዓመት በኋላ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1938 እንኳ አካሉ የሙቀት መለኪያ ነው የሚል ሐሳብ በጥናት ተደግፎ ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዛዊው ሙሬይ ከረጢቶቹ ለእጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ምላሽ እንደሚሰጡ ለካ። ነርቭ ምላሽ ሰጠ ማለት ግን እንስሳው ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። ይህን ያረጋገጠው ሆላንዳዊው አድሪያኑስ ካልማይን ነው።

ካልማይን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ሙከራ ከቀላልነቱ የተነሣ ለማንኛውም የሳይንስ ተማሪ ምሳሌ የሚሆን ይመስለናል። ጥያቄው አንድ ነበር፦ በአሸዋ ሥር ተቀብሮ የማይንቀሳቀስ ጠፍጣፋ ዓሣን ትንሽ ነጠብጣባም ሻርክ እንዴት ያገኘዋል? ሊጠረጠሩ የሚችሉት እይታ፣ ሽታ፣ የውኃ ንቅናቄና ኤሌክትሪክ ናቸው። ካልማይን እነዚህን አንድ በአንድ እያስወገደ ሄደ።

መጀመሪያ ዓሣውን በአሸዋ ብቻ ሸፈነው። ሻርኩ ከላይ ሲያልፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ድንገት ታጥፎ ወደ ታች ጠለቀና ያዘው። ቀጥሎ ዓሣውን አጋር ከሚባለው ከባሕር አልጌ ከሚሠራ ዝልግልግ በተበጀ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ቀበረው። አጋር እይታን፣ ሽታንና የውኃ ንቅናቄን ሲያግድ ኤሌክትሪክን ግን እንደ ባሕር ውኃ ያሳልፋል። ሻርኩ አሁንም ያለ ስሕተት በዓሣው ላይ ወረደ። ሦስተኛ፣ በሕይወት ያለውን ዓሣ አውጥቶ በምትኩ የተቆራረጠ የዓሣ ሥጋ በክፍሉ ውስጥ አኖረ። በዚህ ጊዜ ሻርኩ ክፍሉን ትቶ ከክፍሉ የሚወጣው ውኃ በሚፈስበት በሌላው ጫፍ ሽታውን እየተከተለ ፈለገ። አራተኛ፣ ሕያው ዓሣው ያለበትን የአጋር ክፍል ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ እጅግ ስስ ፕላስቲክ ሸፈነው። ሻርኩ በቀጥታ ከላዩ እያለፈ እንኳ አላወቀውም። በመጨረሻም ዓሣውን ጨርሶ አውጥቶ ሁለት ኤሌክትሮዶችን ብቻ በአሸዋ ውስጥ ቀበረና የዓሣውን የመሰለ ደካማ ኤሌክትሪክ ላከባቸው። ሻርኩ ኤሌክትሮዶቹን እየቆፈረ ሊበላቸው ሞከረ። አጠገባቸው እውነተኛ የዓሣ ሥጋ ተቀምጦለት ሳለ እርሱን ትቶ ሽቦውን መረጠ።

ለልጆች የሚሆኑ የሳይንስ መጻሕፍትን በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚያስቡ ተማሪዎቻችን ቢኖሩ ይህን ሙከራ በአምስት ተከታታይ ሥዕሎች እንዲያቀርቡት እንመክራለን። ጥርስ የለበትም፤ ደምም የለበትም። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ግን እያንዳንዱን ሥዕል እየሸፈነ "ቀጥሎ ሻርኩ ምን ያደርጋል?" ብሎ ሊጠይቅበትና መልሱን ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

አምስት ናኖቮልት

የዓሣ አካል ፈሳሽ ከባሕር ውኃ የተለየ የአዮን ክምችት አለው። በመሆኑም በአፍና በስንጥብ በኩል፣ ፈሳሹና ባሕሩ በስስ ሽፋን ብቻ በተለያዩበት ቦታ፣ ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ዓሣው በተነፈሰ ቁጥር ይህ ልዩነት ከፍና ዝቅ ይላል። የባሕር ውኃ በጨው ምክንያት ጥሩ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ በዓሣው ዙሪያ ደካማ መስክ ይዘረጋል። በየብስ ላይ የሚኖር አንበሳ ይህን ዘዴ ሊጠቀምበት አይችልም፤ አየር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና።

ካልማይን በኋላ በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ባደረገው ሙከራ ሻርኮች በሴንቲ ሜትር እስከ 5 ናኖቮልት ለሚደርስ መስክ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይቷል። ናኖቮልት የቮልት ቢሊዮንኛ ነው። መጠኑን ለመገመት አንዲት የ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ እንውሰድና ሁለቱን ጫፎቿን በሽቦ እያራቅን ባሕር ውስጥ እንክተታቸው እንበል። በመካከላቸው ያለው መስክ በሁሉም ቦታ እኩል ነው ብለን ብናስብ በሴንቲ ሜትር 5 ናኖቮልት ለማግኘት ጫፎቹ 3000 ኪሎ ሜትር መራራቅ አለባቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በቀጥታ መሥመር ከዚህ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ደግሞ ለጋ መዶሻ-ራስ ሻርኮች ከ1 ናኖቮልት በታች እንኳ እንደሚሰማቸው አመልክቷል።

የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት። በተራ የሙቀት መጠን የአዮኖች የሙቀት እንቅስቃሴ የሚመዘንበት ቮልቴጅ 25 ሚሊቮልት ያህል ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የሎረንዚኒ ቱቦ ጫፍና ጫፍ የሚገኘው ልዩነት ግን 50 ናኖቮልት ብቻ ነው፤ ከዚያ የሙቀት ቮልቴጅ ሁለት ሚሊዮንኛ ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ከሁካታው መካከል እንዴት ይለያል? የመልሱ አንድ ክፍል በብዛት ላይ የተመሠረተ ነው። ሻርኩ አንድ ሳይሆን በመቶዎች፣ በአንዳንድ ዝርያዎችም በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥም ብዙ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። የብዙ መለኪያዎች አማካይ ሲወሰድ ስሕተቱ በቁጥራቸው ካሬ ሥር ልክ ይቀንሳል፤ ዘጠኝ መቶ ተቀባዮች ስሕተቱን ወደ ሠላሳኛ ያወርዱታል። በቤተ ሙከራ አንድን መለኪያ ደጋግመን የምንወስደው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላው ክፍል ቱቦውን የሞላው ዝልግልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ልኬት ይህ ዝልግልግ ፕሮቶንን በማስተላለፍ ረገድ እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ሕይወታዊ ቁሶች ሁሉ የላቀ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ያህል ስሱ የሆነ አካል የሚሠራው ግን በቅርብ ርቀት ብቻ ነው። ከዓሣው የሚወጣው መስክ የጥንድ ዋልታ መስክ በመሆኑ በርቀቱ ኩብ ይደክማል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ ስምንተኛ፣ አሥር እጥፍ ሲሆን ወደ ሺኛ ይወርዳል። በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ዓሣ የሚሰማው ሻርክ ያንኑ ዓሣ በ4 ሜትር ርቀት ለመስማት አካሉ ሺህ ጊዜ የበለጠ ስሱ መሆን ይኖርበታል። መዶሻ-ራሱ ሻርክ ይህን የተፈጥሮ ሕግ ማሸነፍ ስላልቻለ በሌላ መንገድ ዞሮበታል፤ ቀዳዳዎቹን በሰፊ ራሱ ላይ ዘርግቶ ከባሕሩ ወለል በላይ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ፣ ፈንጂ እንደሚያስስ ወታደር በአንድ ጉዞ ሰፊ መሬት ያዳርሳል።

የሚታደኑትም ዝም ብለው አልተቀመጡም። የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነው ከትልፊሽ አዳኝ ሲቀርብ ባለበት ደርቆ የመተንፈሻ ክፍተቱን በክንዶቹ ይከልላል፤ በዚህም የሚወጣውን መስክ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ተለክቷል። ከእንቁላሉ ገና ያልወጣ የባምቡ ሻርክ ጽንስ እንኳ የአዳኝን የመሰለ መስክ ሲሰማው የስንጥቡን እንቅስቃሴ ያቆማል።

የስሜት ሕዋሳቱ ተራ በተራ እንደሚረካከቡ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የሦስት ዝርያ ሻርኮችን አፍንጫ፣ ዓይን፣ የጎን መሥመርና የኤሌክትሪክ ቀዳዳዎች በየተራ ጋረዱ። አንዱ ሲጋረድ ብዙውን ጊዜ ሌላው ይተካዋል፤ ለምሳሌ ሽታ የተከለከለ ሻርክ በዓይኑ ያድናል። የኤሌክትሪክ ቀዳዳዎቹ ሲጋረዱ ግን ሁለቱ ዝርያዎች እስከ ዓሣው ድረስ ደርሰው አፋቸውን በወቅቱ መክፈት ተሳናቸው። ነርስ ሻርክ የተባለው ሦስተኛው ብቻ በአፉ ዙሪያ ባሉት ሪዞች እየዳሰሰ መያዝ ችሏል።

በእኛ ሐይቆች

አንባቢያን ይህ ሁሉ የሩቅ ባሕር ነገር ነው እንዳይሉ አንድ ቃል እንጨምር። በጣና፣ በሐዋሳና በሌሎችም ውኃዎቻችን የሚገኘው አምባዛ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ክላሪያስ ጋሪፒነስ፣ የኤሌክትሪክ ስሜት ያለው ዓሣ ነው። የአምባዛ ወገኖች ይህን ስሜት ያገኙት ከሻርክ ወርሰው አይደለም፤ በዝግመተ ለውጥ ለብቻቸው የደረሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ፓርከርና ቫን ሁሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ዓይኑን የሸፈኑት አንድ አሜሪካዊ የአምባዛ ዘመድ የብረት ዘንግ ሲቀርበው እንደሚሸሽ፣ የመስታወት ዘንግ ሲቀርበው ግን ምንም እንደማይመስለው አስተውለዋል፤ ብረት በውኃ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጥራልና። የአፍሪካው አምባዛም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን አንድ ሌላ ዓሣ በዚሁ ስሜቱ ለይቶ እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። የዘንጎቹ ሙከራ አንድ ገንዳ፣ አንድ አምባዛና ሁለት ዘንጎች እንጂ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሊደገም ይችላል።

መንጠቆውና መስኩ

ከሻርክ ጥቃት የተነሣ በዓለም ዙሪያ በዓመት የሚሞተው ሰው በአብዛኛው ከአሥር አይበልጥም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ግምት ሰዎች በዓመት የሚገድሏቸውን ሻርኮች ወደ 100 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በክፍት ውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ሬዮች ብዛት ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ እንደቀነሰ ተዘግቧል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሞቱት ተፈልገው ሳይሆን ለቱና በተዘረጋ ረጅም ገመድ ላይ ባለ መንጠቆ ተይዘው ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ማጥመጃ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ያሸታሉ፣ ያያሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቱና የኤሌክትሪክ ስሜት የሌለው መሆኑ ነው።

በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርተው እንግሊዛውያን መሐንዲሶች ከመንጠቆው አጠገብ የሚንጠለጠልና አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። የመስኩ በርቀት ኩብ መድከም እዚህ ላይ ጥቅም ሆነ፦ ምቱ ከመንጠቆው ዙሪያ አልፎ ባሕሩን አያውክም። በደቡብ ፈረንሳይ ከ18,000 በሚበልጡ መንጠቆዎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት መሣሪያው ባለበት መንጠቆ የተያዙት ሰማያዊ ሻርኮች በ91 በመቶ፣ ሬዮች ደግሞ በ71 በመቶ ቀንሰዋል። የተያዘው ቱና ግን አስተማማኝ ንጽጽር ለማድረግ የማይበቃ ጥቂት ነበር። የቀረው ችግር የምሕንድስና ነው፤ በሙከራው ጊዜ የነበረው የመሣሪያው ባትሪ የሚቆየው 65 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን አንድ ጀልባ ደግሞ በአንድ ጊዜ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ መንጠቆዎችን ወደ ባሕር ይጥላል።